ወደ ብዙዬ በእግር

ማለደን ለማያውቅ ሰው ከየት ልጀምር? እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ እኛ ሕንጻ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖር፤ እኔ ሁለተኛው ላይ። ሊፍት የሚባል ነገር የለንም። የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ፣ ሁለታችንም አንድ ማሽን ፊት ቆመን የባልዲ ክዳን ስንገጥም ነው ጸጉራችን የሸበተ። አምና በሕመም ሰበብ ከዕድሜያችን ቀድመን፣ ተከታትለን ጡረታ ወጣን። ጡረታ የወጣ ሰው መቼም ምን ሥራ አለው፣ እኔ ሱቁ ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን አማለሁ። ማለደ ግን አንድ ቀን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «በእግሬ አፉላ ልሄድ ነው» አለኝ።

አፉላ እኮ ወደ ሰሜን ነው፤ ከኛ ተነስቶ ቀን ሙሉ ለሚራመድ ሰው ከሳምንት በላይ የሚፈጅ መንገድ። እዚያ የምትኖር ታላቅ እኅቱ ናት፣ ብዙዬ። እኔ ሰው ማንከራተት ስለማልወድ አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ ማለደ መሰናዳት በጀመረ በጥቂት ወር ብዙዬ ሞተች፤ ተቀበረች። እሱ ግን የዚህን አገር ክረምት ሙሉ መንገድ ሲያጠና፣ ጉልበቱን ሲያፍታታ፣ ስንቅ ሲያስፈጭ ከረመ። ልጆቹ ያውቃሉ። ዘመድ አዝማዱ ያውቃል። የማናውቅ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ስናገር ድምፄ ከፍ ካለ አትቀየሙኝ።

«ምን ቆርጦህ በእግር? ባቡሩ ምን ሆነ?» አልሁት ያን ቀን። ነገሩ ስለት ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች በሱዳን በኩል ወደዚህ ስንሰደድ እነሱም ከጎንደር ወጡ፤ ያኔ ማለደ ትንሽ ልጅ ነበር። እግሩ አብጦ አልራመድ ሲል አዝላ ያሻገረችው ብዙዬ ናት። እሷም ብትሆን ገና ልጃገረድ ነበረች፤ የራሷ እግር በእሾህ ተተልትሏል። እዚህ ከገቡ በኋላ በየበዓሉ እሱ በአውቶቡስ አፉላ ሲደርስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀውና ታሾፍበታለች። «ይኸ እግር እኮ እኔ ያተረፍሁት ነው፤ ምነው አንድ ቀን እንኳ በሱ መጥተህ ባየሁት» ትለዋለች። ቤቱ ይስቃል። ታዲያ ካቻምና ማለደ ልቡን ታሞ፣ በክንዱ በኩል ሽቦ አስገብተው የደም ሥሩን ሲከፍቱለት፣ እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ «ከዚህ በደህና ከወጣሁ ብዙዬ ደጅ በእግሬ እደርሳለሁ» ብሎ ተሳለ። ባለፈው ሱኮት፣ በዳስ በዓል፣ ሄዶ ነገራት። ጆሮዋ ስለደከመ እየጮኸ ነው የነገራት። እሷም አገጩን ይዛ «እንግዲያ ቶሎ በል፣ ሳልሞት ድረስልኝ» አለችው። እሱ ፋሲካ ይለፍና ሙቀቱ ሳይበረታ እነሳለሁ ብሎ ቀጠራት።

ማለደ ዝም ብሎ ተነስቶ የሚሮጥ ሰው አይደለም። ፋብሪካ ሳለንም ማሽኑን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሳያይ አያስነሳም ነበር፤ አለቃው በዚህ ስንት ጊዜ ጮኾበታል። ጉዞውን የተለመው በዘመድ ነው። ሆቴል መተኛት አቅሙም አይደለ፣ ልማዱም አይደለ። መጀመሪያ ቂርያት ማላኪ፣ የአጎቱ ልጅ ስመኘው ቤት ያድራል። በማግስቱ ሬሆቮት፣ ከዚያ ራምላ፣ ከዚያ ፔታሕ ቲክቫ፣ ኔታንያ፣ ሐዴራ፤ በየከተማው ሥጋ ዘመድ ወይ አበልጅ አለው። ከሐዴራ ወዲያ ያለው ረጅም ስለሆነ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ሌሊት ነዳጅ ማደያ ጥግ ጋደም እላለሁ አለ። «ሲያመጡን በየከተማው ዳር ዳር በተኑን ብለን ስናማርር ነበር፤ እነሆ አንድ ቀን ጠቀመን» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

መኪና በሚከንፍበት አውራ ጎዳና እግረኛ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በእርሻ መንገድ፣ በስንዴው ማሳና በብርቱካኑ መሀል፣ የባቡሩን ሐዲድ በሩቅ እያየ ሊሄድ ነው። ስልኩ ላይ ካርታ አስጫነና ሳይነበብ የቀረ አንድ ቀበሌ የለም። ውኃ የት እንደሚቀዳ፣ ስልኩን የት እንደሚሞላ፣ ሰንበት የት እንደሚውል ሁሉ ያውቃል። ለስንቅ በሶና ቆሎ፤ «በሶ አይበላሽ፣ ማሞቂያ አይፈልግ፣ አንድ እፍኝ ከውኃ ጋር ከሆነ ቀኑን ያደርሳል» ይላል። ቦርሳው የልጅ ልጁ የታሄል አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው፤ ቢራቢሮ የተሳለበት፣ ሮዝ። «በዚህ ሆነህ ፖሊስ ቢያይህ የጠፋ ሽማግሌ ብሎ ነው የሚመልስህ» አልሁት። «የጠፋው ማን እንደሆነ ይጠይቁ» አለኝ።

ልምምዱን ካርሜ ጋት ወደሚባለው አዲሱ ሰፈር አደረገው። በየማለዳው ከኛ ሰፈር ይነሳና እነዚያ አዳዲስ ፎቆች ድረስ ሄዶ ይመለሳል፣ መጀመሪያ ባዶ እጁን፣ ኋላ በቦርሳው ውኃ ተሸክሞ። አንድ ቀን ውሻ የያዘች ሴት አስቆመችው። «የሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር እኮ አልጸዳም፣ ዛሬ ትደርሳለህ?» አለችው። የጽዳት ሠራተኛው መስሏት ነው። «ምን አልሃት?» ብዬ ብጠይቀው «እየተለማመድሁ ነው አልኋት» አለኝ። እኔ ብሆን ሌላ ነገር ነበር የምላት። እሱ ግን በዚያን ሰሞን በምንም አይቀየምም ነበር፣ ልቡ አፉላ ነበር።

ብዙዬ የታመመችው በሐኑካ፣ በታኅሣሡ የመብራት በዓል ነው። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት፣ አሁን በቅደም ተከተሉ ላስገባላችሁ። ሳንባ ምች ነው አሏት፤ ሐኪም ቤት አስገቧት። ልጇ አጋም ለማለደ ልጆች ደወለች። የማለደ ልጆች ሁለት ናቸው፦ ወንዱ ያኢር ነው፣ ሴቲቱ ሚሪ። ያኢር ያኔ ሚሉኢም ላይ ነበር፣ ለተጠባባቂ ወታደርነት ጠርተውት። በስልክ ተማከሩ። «ለአባ አንነግርም፤ ልቡ ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆነውም ብሏል» ተባባሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ብዙዬ አረፈች። ያኔም አልነገሩትም። ሚሪ ሥራ አለብኝ ብላ ልጇን ታሄልን ማለደ ዘንድ ትታ ወደ ቀብሩ ሄደች። ማለደ እኅቱ ስትቀበር የልጅ ልጁን ሾርባ ሲያበላ ዋለ ማለት ነው። እኔም ያን ቀን ከሱ ቤት ነበርሁ፤ ከልጅቱ ጋር ካርታ ስንጫወት ነበር።

እንግዲህ መርዶ በኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ ነው የሚረዳው፤ ቢወድቅ የሚይዘው ዘመድ በዙሪያው ቆሞ። እናቴንም አባቴንም እንዲያ ነው የተረዳሁ፤ ልማዱን አልነቅፍም። ግን ልማዱ የአገር ቤት ነው። እዚያ ሟች ያለው ከተራራ ወዲያ ነው፣ ወሬው ሲደርስ ቀብሩ አልፏል፤ ቢቆይ ቢሰነብት የሚጎድል ነገር የለም። እዚህ ግን አውቶቡስ ላይ ቢያስቀምጡት ማለደ ለቀብሩ ይደርስ ነበር። ምን ቀብሩ፣ በሕይወት ይደርስባት ነበር። እነሱ ግን ያኢር ከሚሉኢም ይመለስና ተሰብስበን እንነግረዋለን አሉ። ያኢር ሲመለስ የልቡ ምርመራ ይለፍ አሉ። ምርመራው ሲያልፍ በዓል መጣ። እየዘገየ ሲሄድ ደግሞ የዘገየበትን ምክንያት መናገር ከሞቱ የባሰ ከበዳቸው። ይኸው ነው ታሪኩ።

ማለደ ስለ እኅቱ አይጠይቅም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከሱኮት ወዲህ በአውቶቡስ መሄዱን ለስለቱ ሲል ትቶታል፤ በየሳምንቱ ግን ይደውላል። ብዙዬ ስልክ ስለማትሰማ ድሮም የምታገናኛቸው አጋም ነበረች። «ተኝታለች ጋሼ፣ ሰላም ብላሃለች» ትለዋለች። እሱም እሺ ብሎ ስልኩን ይዘጋና «ብዙዬ እንቅልፍ አብዝታለች፣ እርጅና ነው» ይለኛል።

ከፑሪም በዓል በኋላ፣ ፋሲካ ወር ሲቀረው፣ ለማደሪያው በየከተማው መደወል ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ልቡ የተሰበረው። ቂርያት ማላኪ ለስመኘው ደወለ፤ በስንቱ ሠርግና ልቅሶ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ሰዎች ናቸው። «አይ ማለደ፣ ቤቱን ቀለም እያስቀባሁ ነው፣ ትንሽ ይቆይ» አለው። ሬሆቮት ደወለ፤ «ከበዓል በኋላ እንነጋገር» አሉት። ራምላ ደወለ፤ ሴትዮዋ ድምፁን ስትሰማ ተንተባተበች፣ «ልጆቹ ይምጡና ላማክራቸው» አለች። ኔታንያ ጭራሽ አላነሱም። ለካ ሁሉም ቀብሩ ላይ ነበሩ። መቃብር ላይ አፈር ያለበሷትን ሴት ልጠይቅ እየሄድሁ ነውና አሳድሩኝ የሚላቸውን ሰው በምን አፋቸው እሺ ይበሉት? ንገሩት ቢባሉ ደግሞ ልጆቹ ሳይነግሩት እነሱ እንዴት ብለው።

እኛ ይህን የት አውቀን። አግዳሚው ወንበር ላይ ሆነን ዘመዱን ሁሉ ቦጨቅናቸው። «አገር ቤት እኮ ማንም መንገደኛ ደጅህን ቢመታ እግሩን አጥበህ ነው የምታሳድር» እላለሁ እኔ። «እዚህ የምጋደምበት ወለል ነፈጉኝ» ይላል እሱ። ስመኘው አንድ ጊዜ ታሞ ማለደ ከፋብሪካ በቀጥታ እየሄደ አስታሞታል፤ እሱን እያነሳ ያለቅስ ነበር። እኔ አባባስሁት እንጂ አላበረድሁትም፤ ስመኘውን ያልሰደብሁት ስድብ የለም። በመጨረሻ ማለደ ርካሽ ድንኳን ገዛ። «ዘመድ ከሚለማመጥ ሰው ብርቱካን ሥር የሚያድር ይሻላል» አለ።

ሚሪ ወፍራም ካልሲ ገዝታ አመጣችለት። ሲለካው አይታ ወደ ወጥ ቤት ገባችና አለቀሰች። እሱ አየ። «ልጄ ለኔ ፈርታ ነው፣ አንጀቷን በላሁት» አለኝ በማግስቱ፣ እየተኩራራ። ይህችን ሴት እስከ ዛሬ ሰላም ስላት ፊቷን አላይም።

ፋሲካ ባለፈ በሰንበቱ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ማለደ በሬን አንኳኳ። ያኢርና ሚሪ «ትንሽ ጠብቅ፣ የምንነጋገረው አለን» ቢሉትም ሊያስቀሩኝ ነው ብሎ ጠርጥሯቸዋል፤ ለነሱ ሳይናገር ነው የተነሳ። እስከ ከተማው ዳር ሸኘሁት። ስንዴው ቢጫ ሆኖ ነበር። ሮዝ ቦርሳውን አጥብቆ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ እንደ ወጣት ነው የሄደ። ብቀናበትም ደስ ብሎኝ ነው የተመለስሁ።

ረፋዱ ላይ ያኢር ደወለልኝ። ሚሪ ቤቱን ተዘግቶ አግኝታዋለች። «ጋሼ ኤፍራይም፣ አባ የት ነው ያለ?» «አፉላ ሄደ» አልሁት። «እንዴት ፈቀድህለት?» ብሎ ጮኸብኝ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ በመኪና ደጄ ደረሰ። ከፊት የቤተ እስራኤል ቄሳችን ተቀምጠዋል፣ ከኋላ ስመኘው አለ፣ ቤቱን ቀለም ያስቀባው ስመኘው። ለካ ያን ዕለት ሊያረዱት ተሰባስበው ኖሯል። ገብቼ ሳልቀመጥ ነገሩኝ። መንገዱን ሙሉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድሁ፤ አፌን ብከፍት የምለው አይደገምም።

ማለደን ቂርያት ማላኪ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አገኘነው። ከመንገዱ ገባ ብሎ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በሶ ይበጠብጣል። እኔን ሲያይ ሳቀ። «ጉልበቴን አመመኝ ብለህ ቀርተህ በመኪና ልትከተለኝ ነው?» አለኝ። ከዚያ ቄሱ ሲወርዱ አየ። ስመኘው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ማንም አልተናገረም። ልማዱ እንዲያ ነው፣ ሰውየው ራሱ ይደርስበታል። «ያኢር አንተ አለህ» አለ፤ «ሚሪስ?» «ደህና ናት አባ።» «ታሄልስ?» «ደህና ናት።» በሶውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ብዙዬ ናት» አለ። ቄሱ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አሉ። ስመኘው ክንዱን ሊይዝ ቀረበ። ማለደ እጁን መለሰበትና «መቼ?» አለ። «መቼ ነው የሞተች?» ያኢር መሬት መሬቱን እያየ «በሐኑካ» አለ።

ማለደ ወደ ስመኘው ዞረ። «ለዚህ ነው ወለል የነፈግኸኝ?» አለው። ስመኘው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ያኢር ተንበርክኮ «አባ፣ ለልብህ ብለን ነው» ይላል፤ «ደግሞ አንተው አይደለህ የምትነግረን? እናትህ መንገድ ላይ ሲሞቱ አክስት ብዙዬ ደብቃህ የለም ወይ?» እውነት ነው። ወደ ሱዳን ሲሄዱ እናታቸው በረሃው ላይ ቀረች። ብዙዬ ከሰዎች ጋር ቀብራት ስትመለስ ለማለደ «እማዬ ከፊተኞቹ ጋር ቀድማለች፣ በርታና እንድረስባት» አለችው። መጠለያው እስኪደርሱ አልነገረችውም። ይህንንም ማለደ በየበዓሉ እያነሳ መርቋታል።

«ያኔ ልጅ ነበርሁ» አለ ማለደ። «በረሃ ላይ ነበርን። እንዳልቀር ብላ ነው የደበቀችኝ፤ እኔም ደረስሁ። እናንተ ምን ላይ እንድደርስ ነው የደበቃችሁኝ?» ድምፁን እንኳ አላነሳም።

እዚያው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ቄሱ «ቤቱ ይግባና ሰባቱን የኀዘን ቀን ይቀመጥ» ሲሉ ያኢር «የከተማውን ረቢ ጠይቄያለሁ፣ ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ የሰማ ሰው የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ነው» አለ። ቄሱ ተቆጡ፣ «በኛ ወግ ኀዘን የሚጀምር በተረዱበት ቀን ነው» አሉ። በሰውየው ራስ ላይ ሆነው ስንት ጊዜ ማልቀስ እንደሚገባው ይከራከራሉ። ረቢውን ለመጠየቅ ጊዜ ያገኘ ልጅ አባቱን ለመንገር ጊዜ አጣ። «ኧረ በቃችሁ» አልሁና ቦርሳውን አንስቼ ማለደን ይዤ ወደ መኪናው ሄድሁ። ያኢር አፉላ መቃብሯ ላይ ልውሰድህ ብሎ ለመነው። «በመኪናማ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ» አለው። ወደ ቤት ተመለስን።

ሰባቱን ቀን ተቀመጠ። ሰው መጣ፣ አልመጣም አይባልም። ግን ሁሉም ብዙዬን በክረምቱ አልቅሶ ጨርሷታል። ከየት ያምጣው እንባ? ምግብ ይዘው ይገባሉ፣ እግዜር ያጥናህ ይላሉ፣ ከዚያ ስለ ልጆቻቸው ውትድርና፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ። ማለደ በመሀላቸው ብቻውን ያለቅሳል። አንዲቱማ ስትወጣ በሩ ላይ «ምነው እንዲህ አከበደው፣ ቆየ እኮ» ስትል ሰማኋት። በሩን ከኋላዋ በኃይል ዘጋሁት።

በመጨረሻው ቀን አጋም ከአፉላ መጣች። እግሩ ሥር ወድቃ ይቅርታ ጠየቀችው፤ አነሳት፣ ደግ ሰው ነው። እሷም ልታጽናናው ብላ አጠገቡ ተቀምጣ የእናቷን አሟሟት ነገረችው። «ጋሼ፣ ደስ ብሏት ነው የሄደች። ሐኪም ቤት ሆና ማለደ መጣ ወይ እያለች ስታስቸግረን፣ መንገድ ጀምሯል፣ በእግሩ እየመጣልሽ ነው አልናት። ከዚያ በኋላ ተረጋጋች። ዓይኗን ከበሩ አላነሳችም።»

ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ተመስገን» አለ። ማለደ እንባውን ጠረገና አጋምን አያት። «ስንት ቀን ጠበቀችኝ?» አላት። «አራት ቀን» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። «በእግሩ ነው፣ ይዘገያል ብላ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አፉላ ሄዶ አያውቅም፤ በእግሩም በመኪናም።